ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ

የቤታችን አልበም ውስጥ ባዶ ገጾች አሉ። ፎቶ ጠፍቶ ሳይሞሉ የቀሩ እንዳይመስላችሁ፤ ተለጥፎባቸው የተነሣላቸው ናቸው። የፎቶውን አራት ጥግ የሚይዙት ትንንሽ ወረቀቶች እንደተለጠፉ አሉ፤ መሐላቸው ባዶ ነው። ልጅ ሆኜ "እዚህ ጋ ማን ነበር?" ብዬ ስጠይቅ እቴቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ቶሎ ገጹን ትገልጥና "ይኼ ደግሞ የአንተ ክርስትና ነው" ትለኝ ነበር። ወሬ ማስቀየር የኦሎምፒክ ስፖርት ቢሆን እቴቴ ሦስት ወርቅ ይኖራት ነበር።

ትልቅ ስሆን ነው የገባኝ። የተነሡት ፎቶዎች ላይ የነበረው አጎቴ ነው።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ሳምንታት ሲቀራቸው፣ ተመለሰ። መቼም ሰው የሚመለስበትን ጊዜ አይመርጥም። ከመጽሐፍ ሌላ ይዞት የመጣው ትልቁ ንብረት በአንድ እጅ የምትያዝ የፊልም ካሜራ ነበረች። ሱፐር ኤይት ይሏታል፤ ኮዳክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ ቀራጮች ያወጣው የፊልም ዓይነት ነው። ፊልሙ በጥቁር ፕላስቲክ ካሴት ታሽጎ ይሸጣል፤ ካሴቱን ካሜራው ውስጥ ሻጥ አድርጎ መቅረጽ ነው። በአንዱ ካሴት ውስጥ 15 ሜትር ፊልም አለ። በሰከንድ 18 ፍሬም ሲቀረጽ 3,600 ትንንሽ ፎቶዎች ይወጣዋል፤ ሲታይ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ዛሬ እኛ ቁርሳችንን ሳንቀምሰው በፊት ከዚህ የበለጠ እንቀርጻለን።

እቴቴ እንደምትለው ጓደኞቹ ከአሜሪካ ባዶ ካሴት ይልኩለታል፤ እሱ ቀርጾ በሚሄድ ሰው እጅ መልሶ ይልካል፤ ከወራት በኋላ ታጥቦ ይመጣል። ከዚያ ከመሥሪያ ቤቱ ፕሮጀክተር ይዋሳል፣ ሳሎን ውስጥ ነጭ አንሶላ ይሰቀላል፣ ጎረቤት ይጠራል። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን አንሶላው ላይ ሲራመዱ ያዩ ዕለት "እንዲህ ጎብጫለሁ እንዴ?" አሉ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጥ ብለው መሄድ ጀመሩ።

* * *

መጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ሆነ። ያን ጊዜ የነበረ ሰው በቤታችሁ ካለ ጠይቁት፤ መጀመሪያ ዝም ይላችኋል፣ ቆይቶ ምን እንዳቃጠለ ይነግራችኋል። መጽሐፍ ሽንት ቤት ጉድጓድ ገባ። ደብዳቤ ምድጃ ገባ። ፎቶ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ከማን ጋር እንደቆምክ፣ ማን ትከሻህ ላይ እጁን እንደጣለ ይናገራል።

አባባ ማታ ማጀት ገብተው መጀመሪያ የአልበሙን ፎቶዎች እያወጡ፣ ቀጥለው የታጠቡትን ፊልሞች እሳት ውስጥ ጨመሯቸው። አቀባይዋ እቴቴ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሽታው ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም ትላለች። መጨረሻ ላይ አንድ ካሴት ቀረ።

"ይኼስ?" አሉ አባባ።

"እሱ አልታጠበም፣ አባባ። ምንም አይታይበትም።"

አባባ ወደ ፋኖሱ አስጠግተው አገላብጠው አዩት። ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ተዉት።

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። ያ ካሴት የተረፈው ስላልታጠበ ብቻ ነው። ይዞት ሊሄድ የነበረው ሰው ጉዞው ባይሰረዝ ኖሮ አሜሪካ ደርሶ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ፣ ከወንድሞቹ ጋር አመድ ይሆን ነበር።

አጎቴን ኅዳር 1970 ዓ.ም. ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አስከሬን አልተሰጠንም፤ ቀኑም አልተነገረንም። እማማ "ሬሳውን ሳላይ ተዝካር አላወጣም" እንዳሉ ኖሩ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ እንኳ ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ፣ ከክት ቀሚሳቸው ሥር አስቀመጡት።

* * *

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ይህን ጽሑፍ መጻፍ የከበደኝም በእሱ ምክንያት ነው።

እማማ በ2001 ዓ.ም. አረፉ። ሳጥናቸው ሲከፈት ካሴቱ ወጣ፤ እቴቴም የእሳቱን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ። እኔ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ኢንተርኔት የማውቅ ብቸኛው የቤተሰቡ አባል ስለሆንኩ ጉዳዩ ለእኔ ተሰጠ። ካሴቱ ላይ ያለው ወረቀት ኮዳክሮም 40 ይላል። በመስኮቷ በኩል በምትታየው ፊልም ጫፍ ላይ ደግሞ "ኤክስፖዝድ" የሚል ጽሑፍ አለ፤ ተቀርጾ አልቋል ማለት ነው።

ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት አንድ ማኪያቶ እየጠጣሁ፣ የሚከተለውን ተማርኩ። አብዛኛው የቀለም ፊልም ቀለም የሚሆነውን ነገር በውስጡ ይዞ ነው የሚሠራው። ኮዳክሮም ግን በመሠረቱ የተደራረበ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ቀለሙ የሚገባበት ሲታጠብ፣ ላብራቶሪው ውስጥ ነው። ሥራው ረጅምና አስቸጋሪ ስለሆነ የትኛውም ሰፈር ፎቶ ቤት አይሞክረውም። አዲስ አበባ ሊታጠብ ያልቻለውም ለዚህ ነበር። ኮዳክ ኮዳክሮምን ማምረት እንደሚያቆም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አስታወቀ። ዓለም ላይ ይህን ፊልም የሚያጥብ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት፣ ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ድዌይንስ ፎቶ።

አንድ ቤት! በቂ ነበር። ዘመድ አሜሪካ አለን፤ አድራሻው ተገኝቷል። የቀረው መላክ ብቻ ነው።

አልላክሁም። ምክንያት ልስጣችሁ? ፈተና ነበር። ከዚያ ክረምት ሆነ። ከዚያ ሊሄድ የነበረው ሰው ሻንጣው ሞላበት። ከዚያ ረሳሁት። እኛ ኢትዮጵያውያን "እናደርገዋለን" የምንለው ነገር ሁሉ እንደተደረገ ይቆጠርልናል መሰለኝ። ድዌይንስ ፎቶ የመጨረሻዎቹን የኮዳክሮም ጥቅሎች የተቀበለው ታኅሣሥ 30 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 2003። ዜናውን ያነበብኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ኮዳክሮም በቀለም የሚታጠብበት ላብራቶሪ የለም። ፊልሙ ሊታጠብ ይችላል፤ በጥቁርና ነጭ ብቻ።

አጎቴ በቀለም የቀረጸውን፣ አባባ ያላቃጠሉትን፣ እማማ ሠላሳ ዓመት የጠበቁትን ቀለም የበላሁት እኔ ነኝ። ለእቴቴም አልነገርኳት። ስትጠይቀኝ "እየተጣራ ነው" እላታለሁ። ይኼን መልስ ከየት እንደተማርኩት ቀበሌ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ያውቃል።

* * *

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ የእኛም ግቢ አብሮ ሄደ። እቃ ስንጭን እቴቴ ከእማማ ሳጥን ውስጥ ካሴቱን አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ቤቱ ፈረሰ" አለችኝ። "ይኼ የሚታጠበው እኔ ስፈርስ ነው?"

ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኳት። የካንሳሱን፣ የታኅሣሡን፣ የማኪያቶውን። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና "ጥቁርና ነጭም ቢሆን ፊቱን ያሳያል አይደል?" አለች።

"ላያሳይም ይችላል" አልኳት። እውነቱ ይኼው ነው። ፊልም ላይ ብርሃን ሲያርፍ በውስጡ ያሉት የብር ቅንጣቶች ይለወጣሉ፤ ለውጡ ግን እስኪታጠብ ድረስ አይታይም። ያ የማይታይ ምስል ለዘላለም አይቆይም። ሙቀት ያዳክመዋል፣ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ዓመታት ደግሞ ፊልሙን ሁሉ ጭጋግ ያለብሱታል። የአዲስ አበባ ብርድ አንድ ውለታ ውሎልናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ካሴቱ ምጽዋ ወይም አሰብ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ።

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለገና መጥታ ስትመለስ ካሴቱን በእጅ ቦርሳዋ ያዘችው። በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይደለም፤ የሻንጣው ራጅ ከባድ ስለሆነ ያልታጠበ ፊልም ይጎዳል። ፍተሻው ላይም በእጅ እንዲያዩላት ለመነች። ከዚያ የቆዩ ፊልሞችን ብቻ ለሚያጥብ ላብራቶሪ ተላከ። ቃል አልገቡልንም። ቀለም እንደማይኖረው፣ ምናልባትም ባዶ ሊሆን እንደሚችል ነገሩን፤ ተራችን እስኪደርስ ወራት ጠበቅን።

በመሐል እቴቴ አንድ ማታ ደወለችልኝ።

"ጓደኞቹ ቢኖሩበትስ?"

"ቢኖሩበትማ ጥሩ ነዋ።"

"ሰው ያያቸዋል እኮ።"

"እቴቴ፣ ደርግ ከወደቀ 34 ዓመቱ ነው።"

"እሱስ ልክ ነህ" አለች። ወዲያው ግን በስልኩ ውስጥ በሯን ስትዘጋ ሰማሁ። አዲሱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዋን በምትኖርበት ቤት።

* * *

ፋይሉ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ፊልሙን ግድግዳ ላይ አሳይተው በካሜራ የቀረጹት አይደለም፤ እያንዳንዱ ፍሬም ለየብቻ ስካን ተደርጓል። ለብቻዬ ላየው ፈልጌ ነበር፤ አልደፈርኩም። ላፕቶፔን ይዤ እቴቴ ጋ ሄድኩ። ቡና አፈላች። ሦስተኛውን ሳንጠጣ አናይም አለች። ፈርታ ነው።

መጀመሪያ በረዶ የሚመስል ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ልቤ ወረደ። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ በር ወጣ። በሩ ተከፈተ፤ አባባ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ቀጥ ብለው፣ በጣም ቀጥ ብለው፣ ወደ እኛ መጡ። እቴቴ ሳቀች። እማማ ደጃፍ ቁጭ ብለው ስንዴ ይለቅማሉ፤ ካሜራውን ሲያዩ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። በ2017 የፈረሰው ግቢ ነው፤ እኔ የማውቀው ጽድ ገና የሰው ወገብ ነው የሚያክለው። ከዚያ ሦስት ወጣቶች ጽዱ አጠገብ ተደርድረው፣ አንደኛው ሲጋራውን ከጀርባው ደብቆ ይስቃል። እቴቴ ሦስቱንም በስማቸው ጠራቻቸው። ከሦስቱ በሕይወት ያለው አንዱ ነው።

ከዚያ ካሜራው ተንገጫገጨ፣ መሬት ታየ፣ ሰማይ ታየ፤ ምስሉ ሲረጋ አንድ ሰው ፊታችን ቆሟል።

ፎቶውን አይቼ አላውቅም። ግን አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ይስቃል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ የሆነ ነገር ይናገራል። ድምፅ የለውም። አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ ፊልሙ አለቀ።

"ምን እያለ ነው?" አልኩ።

እቴቴ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ የፈሰሰው ግን ስክሪኑ ላይ አልነበረም።

"'በቃ በቃ፣ ፊልሙን ጨረስሽው!' እያለኝ ነው" አለች። "ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዴ ስጠኝ ብዬ ለምኜው፣ ከሰጠኝ በኋላ ጣቴን አላነሣ አልኩ።"

እናንተዬ! ስለ አጎቴ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ምስል አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጣቷን አላነሣ ስላለች የተገኘ ነው። አሥራ አንድ ሰከንድ፣ 198 ፍሬም። ያን ያህል ዓመት ካሜራውን የያዘችው እሷ መሆኗን ለማንም አልተናገረችም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

ያን ማታ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። አጎቴን "አንተ" ልበለው "አንቱ"? እኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ልጅ ሃያ ሰባት። በመንግሥት የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ነው። እኔ ከወጣትነት ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እሱ እዚያው ቀርቷል። እቴቴ እንኳ፣ ዕድሜዋ ከእሱ በእጥፍ በልጦ፣ አሁንም "ጋሼ" ነው የምትለው።

* * *

ሲጋራውን የደበቀው ወጣት እህት አለችው። እቴቴ በሰው በሰው አፈላልጋ አገኘቻት። ከወንድሟ የቀረላት አንድ የመታወቂያ ፎቶ ነበር። መስቀል አደባባይ ያለውን፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው እንደዚያ ዓይነት ፎቶዎችን ያውቃቸዋል፤ ግድግዳው ሙሉ ቀጥ ብለው የሚያዩ ፊቶች ናቸው። ሴትዮዋ ፊልሙን አምስት ጊዜ አስደገመችን። ከዚያ "ሲጋራ እንደሚያጨስ አላውቅም ነበር" አለች፤ ተቆጥታ። ታላቅ እህቱ ናት።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በሳጥናችሁ ውስጥ ያልታጠበ ፊልም ካለ ካሴቱን አትክፈቱት፤ ብርሃን ካየ ይቃጠላል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ስሙን አንብቡና በስሙ ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ፊልም የራሱ አስተጣጠብ አለው። ራጅ አታሳዩት። እስኪላክ ድረስ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ሲታጠብ በየፍሬሙ ስካን አስደርጉት፤ ፋይሉንም ከአንድ በላይ ቦታ አኑሩት፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ይሰረቃል። ዋናውን ፊልም አትጣሉት። እና "የሚሄድ ሰው ሲገኝ" አትበሉ። የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ይገኛል፤ ቀለሙ ግን አይጠብቅም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ስታዩት ብቻችሁን አትዩት። እኔ ብቻዬን አይቼው ቢሆን ኖሮ ያገኘሁት ድምፅ የሌላቸው ስድስት ሰዎች ነበር። ስልኬን ከስኒው ጋር አስደግፌ እቴቴን ስታይ ቀረጽኳት። ፊልሙ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። የእሷ ቅጂ 47 ደቂቃ ሆነ።

ከመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ሰከንዶች አንዱን ፍሬም አሳተምኩና ወሰድኩላት። አልበሙን አወጣች። ባዶዎቹ ገጾች ላይ ካሉት ጥጎች መሐል ልክ የሚሆነውን ፈልጋ አስገባችው። ትንሽ ጠበበው፤ በመቀስ ከረከመችው።

"ሸሚዙ ምን ዓይነት ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት።

ጊዜ አልወሰደባትም።

"ቡናማ። ኮሌታው ሰፊ፣ ቁልፉ ነጭ። የታችኛው ቁልፍ ወልቆ እኔ ነኝ የተከልኩለት፤ እሱ ብቻ ክሬም ነው።"

ፎቶውን አወጣሁት፣ ጀርባው ላይ ጻፍኩት፣ መልሼ አስገባሁት።